ውሃ ነው ተብሎ ተፈረደ

ተከስተ ክርክር ሲረታ እንደ ጮማ የሚጥመው ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የአየር ጠባይ ሲመዘግብ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሚሟገተው ሰው አጣና ቡልጋሪያ ሰፈር፣ የመካኒኩ መገርሳ ጋራዥ በር ላይ መዋል ጀመረ።

እዚያ ጋራዥ አንድ ወግ አለ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለት ሰው ይሟገታል፤ የመለዋወጫ ነጋዴው ሙሐሲን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል። የተረታ ሰው ያንን ነገር ዳግም አያነሳም። ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ግን እስከ ዛሬ ፍርድ ያፈረሰ የለም፤ መገርሳ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቃሉን አክባሪ ነው።

በ2007 ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጠርቶ አውሮፕላኖች ነጭ መስመር እየተዉ ያልፉ ነበር። መገርሳን ሦስት ወር ሲያስለው ከረመና ምክንያቱን ፌስቡክ ላይ አገኘው፤ መስመሩ መርዝ ነው፣ ከላይ ሆነው እየረጩብን ነው።

“ዝም ብዬ አላወራም ጋሼ” አለ፣ ሳሉ እስኪበርድለት ጠብቆ። “ማለቴ፣ ማስረጃ አመጣለሁ። ሰኞ ራጅ እነሳለሁ፤ ሳንባዬ ላይ ያለውን መርዝ አሳይዎታለሁ።”

ሰኞ አራት ቀን ነበር የቀረው። ተከስተ ቢጠብቅ ምን ነበረበት? ግን ተመልካች ሞልቶ ማን ይጠብቃል።

“በጥቅምት ማለዳ ስትተነፍስ ከአፍህ ምን ይወጣል?”

“እንፋሎት።”

“ታዲያ መርዝ ረጨህ ማለት ነው?” ሰው ሳቀ። “እላይ ብርዱ ከዜሮ በታች አርባ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት እዚያው በረዶ ይሆናል፤ መስመሩ እሱ ነው። መርዝስ ቢሆን፣ ካንተ ጋር የሚውለውን ሙሐሲንን ለምን አላሳለውም?”

ሙሐሲን ብዙ አላሰበም። “ውሃ ነው። ለጋሽ ተከስተ ተፈርዷል።”

መገርሳ እጁን በጨርቅ ጠርጎ “ተረትቻለሁ” አለና ጨበጠው። ተከስተ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ማክሰኞ ጠዋት የመገርሳ ሚስት አምሳለ በሩን አንኳኳች።

“ጋሽ ተከስተ፣ ምን ብለውት ነው? ሐኪም ቤት አልሄድም አለኝ። ሦስት ወር ለምኜው እምቢ ያለ ሰው፣ እርስዎን ልርታ ብሎ ነበር እሺ ያለው። አሁን ‘ውሃ ከሆነማ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሄደው’ ይለኛል።” ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ደም ይተፋል። ለሰው እንዳትናገሪ ብሎኛል።”

ተከስተ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ወጣ። ጋራዡ ሲደርስ መገርሳ አንዲት ቶዮታ ሥር ሊገባ ካርቶን እያነጠፈ ነበር።

“መስመሩ ሌላ፣ ሳልህ ሌላ ነው። ተነስ፣ አብረን እንሂድ።”

“በሕግ አምላክ ጋሼ። ተሟገትኩ፣ ተረታሁ፣ በቃ። እዚህ ይግባኝ የለም።” ሊስቅ ሞከረ። ተከስተ ያኔ ገባው። ሰውየው ፈርቷል፤ ሐኪም የሚነግረውን ፈርቶ ፍርዱን መደበቂያ አድርጎታል። መደበቂያውን የሠራለት ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

እናም በዕድሜው ሙሉ አደርገዋለሁ ብሎ ያላሰበውን አደረገ።

“ሙሐሲን፣ ፍርዱን አንሳልኝ” አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “ዋሽቻለሁ። መርዝ ነው። እኛ የአየር ሰዎች እናውቅ ነበር፤ እንዳንናገር ተብለን ነው። መገርሳ ራጅ ይነሳና ይርታኝ።”

የሳቀ አልነበረም። ሙሐሲን ከጎማው ላይ ተነሳ። ሁለቱ መካኒኮች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። መኪናውን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ “አባባ፣ እስቲ ይድገሙት” እያለ መቅረጽ ጀመረ። ሁሉም አመኑት።

መገርሳ ብቻ አላመነም። ቀና ብሎ በሐዘን አየው።

“ለእኔ ብለው አይዋሹ ጋሼ” አለና በጀርባው ተንሸራቶ መኪናው ሥር ገባ።