«አያምም» ብላ የጻፈችው

የቪዲዮ ደራሲዋ በሕይወቷ የምትፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ እባብና የጥርስ ሐኪም። ከሁለቱ እባቡ ይሻላታል፤ ቢያንስ «አፍሽን ክፈቺ» አይልም።

ስለዚህ ከቤቷ ማዶ አዲስ ክሊኒክ የከፈተው የጥርስ ሐኪም ለኢንተርኔት የሚሆን አጭር የማስታወቂያ ቪዲዮ እንድትጽፍለት ሲለምናት እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ስለ ፍራሽ ጽፋ ፍራሽ ሻጩን ራሱን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኘች ሴት ጥርስ ያቅታታል? ዐይኗን በጨው አጥባ ቁጭ አለችና «አያምም! ጥርስ መታከም ማለት ፀጉር እንደ መበጠር ነው!» ብላ ጻፈች። ይህን ስትጽፍ ማስቲካዋን የምታኝከው በግራ በኩል ብቻ ነበር። በቀኝ ከሞከረችማ በጠራራ ፀሐይ ኮከብ ታያለች።

ታካሚ ሆና እንድትተውን የተመረጠችው አክስቷ ናት፤ በዘመድ ሠርግ ቪዲዮ ሁሉ ከሙሽራዋ በላይ የምትታይ ሴት። በቀረጻው ቀን ሽቶዋ ቀድሟት ገባ፤ ኋላ ራሷ ተከተለችና ወንበሩ ላይ እንደ ንግሥት ተንጋለለች። ካሜራውን የያዘው የደራሲዋ ባል «ጀምሩ!» አለ።

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱ፤» አለ ሐኪሙ፣ ወረቀቱን መርዶ እንደሚያነብ ሰው እያነበበ።

አክስት አፏን ከፈተች። ከዚያ የላይኛውን ጥርሷን እንዳለ መዥረጥ አድርጋ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። የታችኛውንም ደረበችለት።

«አክስቴ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥርስ ነዋ! ሐኪሙ ጥርስ ያያል አላልሽም? ይኸው ይየው።»

«የራስሽ መስሎኝ እኮ!»

«ታዲያ የማን ነው? ተውሼ የመጣሁ መሰለሽ?»

ባልየው የራሱ ጥርስ ያለው ታካሚ ፍለጋ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኘ። ሐኪሙ ማከም አለበት፤ እርሱ ካሜራ ይዟል። ዐይኑ ሚስቱ ላይ አረፈ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው።

ደራሲዋ «ለማስመሰል ብቻ ነው» እያለች ተጋደመች። ሐኪሙም አፏ ውስጥ ጥጥ ጎስጉሶ ትንሿን መስታወት አስገባ፤ እንደ እንጨት ደርቆ የቆየው ሰውዬ ድንገት ነፍስ ዘራ።

«ውይ!» አለ። ጽሑፉ ላይ «ውይ» የሚል ቃል አልነበረም። «ይሄማ ጥርስ አይደለም፤ ዋሻ ነው! ቤተሰብ ይኖርበታል!»

ደራሲዋ «ጽሑፉን ይከተሉ!» ልትል ሞከረች። ጥጥ ከሞላው አፏ የወጣው ግን «ኡኡን ኧኧሉ!» ሆነ።

«ምን አለች?» አለ ሐኪሙ።

አክስት ጥርሷን መልሳ ገጥማ ነበር። «ነቅለህ ጣለው ነው የምትለው፤» ብላ ተረጎመች።

«ኧኧኧ!»

«አሁንማ እየለመነችህ ነው።»

ሐኪሙ ጥጡን አውጥቶ፣ መንቀል እንኳ እንደማያስፈልግ፣ ቢሞላ እንደሚበቃው ነገራትና «ልሙላው?» ብሎ ጠየቃት። በሩን አየች። ባሏ ከካሜራው ጀርባ «እየቀረጽኩ ነው፤ ‹አያምም› ብለሽ ጽፈሽ ከሮጥሽ ማን ያምንሻል?» ሲል አንሾካሾከ። ላብ እያጠመቃት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

መርፌውን ስታይ እጇ ያገኘውን ጨበጠ፤ ያገኘው የሐኪሙን ከረባት ነበር። ሰውዬው ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ እንደታሰረ በግ አንገቱን ደፍቶ ሠራ። «እባክሽ ትንሽ ላላ አድርጊልኝ፣ ልተንፍስ» ሲል አክስት «እንዳትለቂው!» ትላለች።

ሲያልቅ ደራሲዋ ሕመሙን ፈለገችው። የለም። ያን ሁሉ ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር ይሄ ብቻ መሆኑ እንደ መናደድ አደረጋት። የቀራት የመዝጊያ ቃሏን ለካሜራው መናገር ነበር፤ ግማሽ ከንፈሯ ግን ደንዝዞ ተንጠልጥሏል።

«አያፍፍ!» አለች፣ ለሃጯ እየተንጠባጠበ።

«አያምም ማለቷ ነው፤» አለች አክስት ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። «እውነቷን ነው። እኔ ፈርቼ ፈርቼ ነው ሁሉንም የጨረስኩት።»

ባልየው አንዲት ነገር ሳይቆርጥ ቪዲዮውን ለቀቀው። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ «አያፍፍ!» እየተባባለ ይስቅ ነበር፤ የክሊኒኩ ስልክም ፋታ አጣ። ደዋዮቹ የሚጠይቁት ግን ስለ ሐኪሙ አልነበረም። «ያቺ የምታስተረጉመው ሴትዮ ትኖራለች ወይ?» ነው የሚሉት። አክስትም ሥራዬ ብላ ጠዋት ጠዋት ክሊኒኩ እየሄደች፣ የፈሪዎቹን እጅ ይዛ ያላሉትን ትተረጉምላቸው ጀመር። ሐኪሙ ከረባት ማሰር ተወ።

ሁለተኛ ቪዲዮ ሲታዘዝ ደራሲዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ገጽ ጻፈች። አክስት ከትከሻዋ በላይ ሆና ታነባለች።

«የእኔን ቦታ ባዶ ተዪው፤ እዚያው ስደርስ የመጣልኝን እላለሁ።»

«አክስቴ፣ ደራሲዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ማን ከለከለሽ? ጻፊ እንጂ!»

ደራሲዋ ሙሉውን ገጽ አጠፋችና «እዚህ ላይ አክስት የፈለገችውን ትላለች» ብላ ጻፈች።

አክስት አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «አየሽ፣» አለች፣ «እየተሻሻልሽ ነው።»