አምስተኛው ወንበርና ሁለቱ ማውሶች

አይቪን ማውሱን የገደለው በጉበት ነው። ጠዋት ጥቁር ዳቦው ላይ የተፈጨ ጉበት እየቀባ፣ በሌላ እጁ የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጠላት ሲያሳድድ፣ ከቢላዋው ያመለጠ ጉበት ማውሱ ሆድ ውስጥ ገባና ቀዩ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለሰው ሲያወራው ግን ጉበት የሚባል ነገር አልነበረም።

«እጄ ፈጠነበት» ነው የሚለው። «ምስኪን፣ ሊከተለኝ ሲሮጥ ልቡ ቆመ። መዳፌ ውስጥ ነው ያረፈው፤ አልተሰቃየም።»

መጥፎው ነገር ሞቱ ሳይሆን ቀኑ ነበር። ቅዳሜ ፈተና አለ። የዴንማርኳ ቢየርትሩፕ መንደር ጡረተኞች የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታ ቡድን አምስት ወንበር አለው፤ አራቱ ተይዘዋል። የአምስተኛው ባለቤት ልጇ ወዳለችበት ከተማ ስለሄደች ወንበሩ ባዶ ነው፤ የሚፋለሙበትም አይቪንና ክሬስተን ናቸው። ያሸነፈ ከቡድኑ ጋር ለፍጻሜ ውድድሩ ኦደንሴ ከተማ ይወርዳል። የተሸነፈ የቡና ፔርሙዙን ተሸክሞ ከኋላ ይቀመጣል።

አይቪን ዕድሜውን ሙሉ አሳማ የሚጭን መኪና ሲነዳ ኖሯል። ያኔ ትንሽ ከዘገየ በየእርሻው ሰዓቱን እያየ የሚጠብቀውና የሚሰድበው ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ቢዘገይም ባይዘገይም የሚጠብቀውም የሚሰድበውም የለም። ወንበሩን የፈለገው ለዚህ ነው። «ኦደንሴ ምን ትሠራለህ?» ብለው ሲጠይቁት ግን «የሚጠብቁኝ ሴቶች አሉ፤ ማስጠበቅ ነውር ነው» ይላል።

ክሬስተን ዶሮ ሲያረባ የኖረ፣ ቀጥ ያለ፣ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው። አዲስ ሌዘር ማውስ ገዝቷል፤ ያስገዛው ደግሞ ራሱ አይቪን ነው። ባለፈው ክረምት ለጨዋታ ያህል፣ «የማውቀው አንድ የሪበ ከተማ ሰው ሌዘር ማውሱን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ምሳ ሄደ። ሲመለስ ጠረጴዛው ተበስቷል፣ ወለሉ ተበስቷል፣ ከወለሉ ሥር የነበረው ፍልፈልም ለሁለት ተከፍሎ ተጠብሷል» ብሎ አውርቶ ነበር። ሌላው ሰው ሳቀ። ክሬስተን ግን አሰበበት። «ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን...» አለና በማግስቱ ገዛ።

የቶቨ የኮምፒውተር ዕቃ ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው። ቶቨ ለአይቪን ሁለት ማውስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኼ ኦፕቲካል ነው፤ በተራ መብራት ነው የሚያየው፤ እንደሞተብህ ዓይነት። ይኼኛው ሌዘር፤ በቀጭን ጨረር ነው የሚያየው።»

«የቱ ነው የሚሻለው?»

«ምን ላይ ነው የምትገፋው?»

«ጠረጴዛ ላይ ነዋ! በሚስቴ ጀርባ ላይ እገፋዋለሁ?»

«ያ ምስኪን ጀርባ ስንቱን ችሏል» አለች ቶቨ። «ጠረጴዛ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንተ ሽማግሌ። ሁለቱንም ውሰድና ሞክራቸው። ጉበት ያስነካህበትን ግን መልሼ አልወስድም።»

አይቪን ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ሚስትህ።»

ሁለቱን ማውሶች በሁለት ኪሱ ከትቶ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መንደሩን ሲዞር ዋለ። በባንኩ መስኮት መስታወት ላይ ሞከረ፤ ኦፕቲካሉ ታወረ፣ ሌዘሩ እየተንገዳገደም ቢሆን ሄደ። በጎረቤቱ በር እንጨት ላይ ሞከረ፤ ሁለቱም ሠሩ። በሱሪው ጭን ላይ ሞከረ፤ ኦፕቲካሉ ሠራ፣ ሌዘሩ ዘለለ። ኋላ ሲያወራው በግጦሽ ላይ በተኛች ላም ጎን ላይ መሞከሩን፣ ኦፕቲካሉ ነጩ ላይ ብቻ ሲሠራ ሌዘሩ ደግሞ የዋጠችውን ሣር እየለየ ማሳየቱን ጨምሮበታል። ላሚቱ አልመሰከረችም።

የሚያዋጣው ግን አንድ ሙከራ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ፈተናው የሚደረገው በመንደሩ አዳራሽ ነው፤ የአዳራሹ አዛዥ ደግሞ ገርዳ ናት። ገርዳ የግል የማውስ ምንጣፍ አታስገባም። አንድ ጊዜ የአንዱ ጎማ ምንጣፍ ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር ቀለበት ትቶባት፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ እንኳ ቀለበቱን እያሳየች ትረግመዋለች። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ስብሰባ ይሁን ተኩስ፣ ጠረጴዛዋ የሚለብሰው ከጥቅል ተቀድዶ የሚነጠፍ፣ አበባ አበባ የታተመበት ነጭ ወረቀት ነው። አይቪን ከአዳራሹ ጓሮ ቆሻሻ መጣያ አንድ ቁራጭ አወጣና ቤቱ አነጠፈው።

ሌዘሩ በታተመው አበባ ላይ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱ ላይ ያለችውን ጉብታ ሁሉ እያየ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀል በዒላማው ዙሪያ እንደ ዝንብ አዞረው። ኦፕቲካሉ ግን አበባ አላየ፣ ጉብታ አላየ፤ ነጭ ወረቀት አይቶ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ብዙ የሚያይ ብዙ ይሳሳታል፤ እኔን እዪኝ፣ ምንም አላይም» አለ ለሚስቱ፤ ሌዘሩንም ለቶቨ መለሰ።

ቅዳሜ ከሰዓት አይቪን እያፏጨ አዳራሽ ገባ። ፉጨቱ በሩ ላይ ተቋረጠ። ከጎረቤት መንደር ተመልካች ተጠርቷል፤ ገርዳ ደግሞ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ወረቀቷ እንዳይበላሽ ከላዩ ላይ ወፍራም ጥርት ያለ ላስቲክ ትዘረጋለች። ይኼን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። አይቪንም ያውቃል። ዕድሜውን ሙሉ ክርኑ ተጣብቆበት ኖሯል። ብቻ ረስቶት ነበር።

የቡድኑ አለቃ ቦዲል፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ሦስት ዙር። ሁለት ያሸነፈ ወንበሩን ይወስዳል። ጩኸት የለም፤ ጩኸት በሥራዬ ጠግቤያለሁ።»

የመጀመሪያው ዙር እልቂት ነበር። ኦፕቲካሉ በሚያብለጨልጨው ላስቲክ ላይ ታወረ። አይቪን ወደ ቀኝ ሲገፋ መስቀሉ ቆመ፣ ሲጎትት ወደ ጣራው ዘለለ። የክሬስተን ሌዘር ግን ወፍራሙን ላስቲክ ብቻ እያየ እንደ በረዶ ሸርታቴ ሄደ።

«አይቪን» አለ ክሬስተን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ እየሞከረ፣ «ጣራው ምን በደለህ?»

እንግዶቹ ሳቁ። ክሬስተን ራሱ ሳቅ ማስነሳቱ ገርሞት ዙሪያውን አየ።

አይቪን ያን ጊዜ ነው ገርዳን ያያት። ከኩሽና ትሪ ተሸክማ እየወጣች ነበር። በደቡብ ዩትላንድ ሰው ቡና ሲጠራ ቡናው ሰበብ ነው፤ የሚቀርበው ኬክ ነው፤ ለስላሳ ኬኩ በዓይነቱ፣ ደረቁ በዓይነቱ፣ ሁሉም ይቀመሳል። ገርዳ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጋር አንድ ነጭ ሶፍት ትሰጣለች። ያለ ኬክ ሶፍት የለም። የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ ኬክ የለም።

አይቪን የፖም ኬኩን በሁለት ጉርሻ ጨረሰ፣ ሶፍቱን ዘረጋ፣ ከሥሩ ክሬም ቀባና ላስቲኩ ላይ ለጠፈው። ማውሱን አስቀመጠበት። መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ግን ሶፍቱ መዳፍ ስለሚያክል ወዲያው ጠርዙ ደረሰ።

«ገርዳ፣ የኔ እመቤት» አለ፣ «እንዲህ ያለ ኬክ በልቼ አላውቅም። የጥቁር ዳቦውንም ኬክ አምጪልኝ።»

ገርዳ ፊቷ በራ። አይቪን የጥቁር ዳቦውን ኬክ ዋጠ፣ ሶፍቱን ለጠፈ። የቸኮሌቱን ዋጠ፣ ለጠፈ። ባለ ስኳሩን፣ ባለ ቅቤውን፣ የቫኒላ ቀለበቱን ዋጠ፤ ለጠፈ፣ ለጠፈ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«ይኼ ምንጣፍ ነው!» አለ ክሬስተን። «ምንጣፍ ክልክል ነው!»

ቦዲል ወደ ኩሽናው ዞረች። «ገርዳ፣ ሶፍት ምንጣፍ ነው?»

«ሶፍት ሶፍት ነው» አለች ገርዳ። «ምንጣፍ ቢሆን ኖሮ እኔ አስገባው ነበር?»

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ከአይቪን ፊት ለፊት በክሬም የተሰፋ ነጭ ሜዳ ተዘርግቶ ነበር። እጁ ቦታ ሲያገኝ የአሳማ መኪናውን በጠባብ የእርሻ በር የኋልዮሽ ያስገባ የነበረው ሰው ተመለሰ። ዒላማ ብቅ ሲል መታ፤ ብቅ ከማለቱ በፊትም የመታ መሰለው። አሸነፈ።

አንድ ዙር ቀረ። አይቪን ቀበቶውን አላላና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ገርዳ፣ የክሬስተን ሰሃን ለምን ባዶ ሆነ? የአንቺ ኬክ አልጣመውም እንዴ?» አለ።

ገርዳ ወደ ክሬስተን ሰሃን ዞረች።

«እኔ እንዲህ አላልኩም!» አለ ክሬስተን።

«ታዲያ ብላ» አለች ገርዳ፤ ባለ ብዙ ክሬሙን አስቀምጣለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ገርዳ ከፊትህ ቆማ ሹካ ልፈልግ አይባልም። ክሬስተን በጣቱ በላ። ሌላ አስቀመጠችለት። ያንንም በላ። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ጣቶቹ ገና በክሬም እንደተለወሱ ነበሩ፤ ሶፍቱን ደግሞ አይቪን «እያደፈብህ ነው፣ ላንሳልህ» ብሎ ከሜዳው ጋር ቀላቅሎታል። ሌዘሩ ጤነኛ ነበር፤ ያንሸራተተው መዳፉ ነው። መስቀሉ አንድ ጊዜ ካመለጠው በኋላ ተመልሶ አልያዘውም።

አይቪን የመጨረሻውን ዒላማ ሲመታ ከጎረቤት መንደር የመጡት ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ክሬስተን ክሬሙን በሱሪው ጠርጎ ሌዘሩን ገልብጦ አየና «ፍልፈሉን እንኳ አላገኘሁትም» አለ። በዚህም ተሳቀ፤ አሁንስ እያወቀ ይሁን ሳያውቅ አልታወቀም።

ቦዲል እጇን ዘረጋች። «አምስተኛው ወንበር የአይቪን ነው። በል ተነስ፣ እንጨባበጥ።»

አይቪን ጠረጴዛውን ይዞ ሞከረ። ሆዱ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ሽብልቅ ተሰንቅሯል። ሌላ ጊዜ ሞከረ፤ ወንበሩ አብሮት ብድግ ብሎ አብሮት ተቀመጠ።

«ወንበሩ የኔ ሆኗል አይደል?» አለ።

«ያንተ ነው።»

«እና ምን ያስነሳኛል?»