የተቆለፈው ዘፈን

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ አጎቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ። አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው። አጎቴ የሲሚንቶ መጋዘን አለው። ወንድሜ ዘፋኝ ነው፤ ወይም ያን ዕለት ገና ዘፋኝ ነበር። እኔ ታፔላ እጽፋለሁ። ስልኩ የነበረው በእኔ እጅ ነው።

ለምን በእኔ እጅ እንደነበረ ልናገር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም ፊደል አልስትም። ታፔላ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ቆርቆሮው እንዳለ ይበላሻል፤ አሠሪዬም ከደመወዜ ይቆርጣል። ስለዚህ ማንኛውንም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ሳላነብ አልነካም። በቤታችን ቅጽ የምሞላውም ውል የማነበውም እኔ ነኝ። መናገር ግን አልችልበትም። ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እናቴ «ይሄ ልጅ አፉን ለወንድሙ አበድሮ ነው የተወለደው» ትላለች።

ወንድሜ ዘፈኑን የቀዳው «ፍራሹ» በምንለው ጓደኛው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፍራሹ የተባለው የክፍሉን ግድግዳ በሙሉ በአሮጌ ፍራሽ ስለሸፈነው ነው። ድምፅ እንዳይወጣ ብዬ ነው ይላል፤ ትኋኑ ግን እንደ ልቡ ይወጣል። የዘፈኑ አዝማች ቀላል ነው፤ «በሩን አትዝጊው፣ መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። አምስት ወር ሙሉ ዞር ብሎ የሰማው አልነበረም። ከዚያ አንዲት ፀጉር ሠሪ፣ ደንበኛዋ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ከወንበር ተነሥታ አውቶቡስ ስታሳድድ ቀረጸቻት። የወንድሜን ዘፈን አስገብታ ለቀቀችው። ቪዲዮዋ አሥራ ስምንት ሰከንድ ብቻ ናት። በሳምንቱ ሰው ሁሉ የሚሮጥ ነገር ፍለጋ ወጣ። ሊፍት ሊዘጋበት ሲል የሚንደረደር ወፍራም ሰውዬ፣ የሳህን ድምፅ ሰምታ የምትፈተለክ ድመት፣ አዲስ ጫማ አድርጎ መንገድ ለመንገድ የሚሮጥ ጫማ ነጋዴ። ወሩ ሳያልቅ አርባ አንድ ሺህ ቪዲዮ ደረሰ።

ፍራሹ ነው ወንድሜን የተቆጣው። «አንተ ጅል፣ ሰው በዘፈንህ ጫማ ይቸበችባል፣ ያንተ ጫማ አፉን ከፍቶ ያዛጋል! አስመዝግበው እንጂ!» አለና ዘፈን የሚያሰራጭ ድርጅት አሳየን። ድርጅቱ ዘፈኑን መዝግቦ፣ ሰው በቪዲዮው ውስጥ በተጠቀመበት ቁጥር የሚገኘውን ድርሻ ሰብስቦ ለባለቤቱ ይልካል። ቅጹን እኔ ሞላሁት። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

እሁድ ዕለት የመጀመሪያው ሒሳብ መጣ። አጎቴም የመጣው ለዚሁ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጭነት የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልገው ስለነበር ቦታውን ለወንድሜ እስከ ሰኞ አቆይቶለት ነበር። ከአባቴ ጋር ተስማምተዋል፤ ዘፈኑ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ካመጣ ወንድሜ በዘፈኑ ይገፋበታል፤ ካላመጣ ወደ ሲሚንቶው።

«ስንት ይላል?» አለ አባቴ።

ነገርኩት።

«ድገመው እስቲ።»

ደገምኩት።

አጎቴ ሳቁ አመለጠው። «ሁለት ሳሙና ይገዛል። ከሲሚንቶ በኋላ መታጠቢያ አትቸገርም።»

«ጋሼ፣ ተወኝ እባክህ» አለ ወንድሜ።

«ምን አደረግኩህ? አገር ምድሩን አስጨፍረህ ሱሪ እንኳ ካልለወጥክ ጥፋቱ የእኔ ነው?»

እናቴ መሐል ገባች። «ሰው እኮ ወዶት ነው የወሰደው። ትናንት ታክሲ ውስጥ በሩ ሲዘጋ ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀ ዘፈነው። የማን ነው ቢሉኝ ልናገር ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።»

«ማንም አይጠይቅሽም፤ ነገሩም እሱ ነው» አለ አባቴ። አንድ ያላለቀች ቁልፍ በጣቱ እያገላበጠ ነበር። «ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ስሠራ በሩ ክፍት ሆኖለት ቁልፍ የገዛኝ ሰው አላየሁም። መጀመሪያ ይቆለፋል። ከዚያ የፈለገ መጥቶ ያንኳኳል፤ ቁልፉንም ይገዛል። ይሄ ነገር መቆለፊያ የለውም?»

ነበረው። ከዘፈኑ ስም ሥር ሁለት ምርጫ ተቀምጧል። አንዱ ሰው እንዲጠቀምበት ፈቅዶ ድርሻ መሰብሰብ ነው፤ የመረጥነውም እሱን ነበር። ሌላው ድምፁን ከሁሉም ቪዲዮ ላይ ማንሣት ነው።

ወንድሜ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ አየው። «ካነሣሁት ጫማ ነጋዴው ይመጣል፣ አባዬ?»

«ጫማውን ሳያስር ይመጣል።»

ወንድሜ ፈገግ አለ። ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም። አምስት ወር ሙሉ እሱ የሰው በር ሲያንኳኳ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሰው የእሱን እንዲያንኳኳ ፈልጎ ነው።

ከምርጫዎቹ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ ነበር። እነሱ ሲነጋገሩ እኔ አነበብኩት። ይህ ሒሳብ ዘፈኑ ከተመዘገበ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ብቻ የያዘ ነው፤ ቀደም ብለው የወጡት ቪዲዮዎች ተፈልገው የሚታሰቡት በሚቀጥለው ወር ነው ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የተነሣ ድምፅ በራሱ ወደ ቪዲዮው አይመለስም፤ እያንዳንዱ ሰው እንደገና ማስገባት አለበት ይላል።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ…» አልኩ።

አጎቴ ጫማ ነጋዴው እንዴት እያነከሰ እንደሚመጣ በወንበሩ ላይ ሆኖ ያሳያል፤ አባቴና ወንድሜ ይስቃሉ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። እናቴ ብቻ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አልክ የኔ ልጅ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አራት ሰው።

«ምንም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቆልፈው!» አለ አባቴ።

ነካሁት። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎ የሚለውን ነካሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቪዲዮዎቹ ዲዳ ሆኑ። ወፍራሙ ሰውዬ አፉን ከፍቶ ያለ ድምፅ ይሮጣል። ድመቷ በባዶ ቤት የምትሮጥ ትመስላለች። ወንድሜ ጫማ ነጋዴውን እያየ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አባቴ የሚመጣውን ሰው ስንት እንደምንጠይቅ ዋጋ ቆረጠ። አጎቴም «እንግዲህ እናያለን» ብሎ ቦታውን እስከ ሐሙስ አራዘመው።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ ጫማ ነጋዴው ያንኑ ጫማ አድርጎ፣ ያንኑ መንገድ፣ በሌላ ዘፈን ሮጠ። ፍራሹ ሰምቶ መጣና ራሱን ያዘ። «ሰውየው ዘፈን ለመቀየር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም! ማነው ቆልፉ ያላችሁ?» አባቴ ቁልፉንና ሞረዱን ይዞ ወደ ጥግ ዞረ።

ረቡዕ በራችን ተንኳኳ። ወንድሜ ኮሌታውን አስተካክሎ ራሱ ከፈተ። ቤታችንን ከፍራሹ ጠይቃ የመጣችው ፀጉር ሠሪዋ ናት።

«የዘፈኑ ባለቤት አንተ ነህ?»

«ነኝ። ግቢ፣ አረፍ በይ።»

«አልቀመጥም። ምን በደልኩህ? በዚያች ቪዲዮ ነው ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ያገኘሁት። ዛሬ ሰው እየመጣ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው ይለኛል። መልእክት ብትልክብኝ ስምህን ከላይ እጽፍልህ ነበር እኮ፤ ዘፋኙን አምጪልን የሚለኝ ስንት ሰው ነበር።»

«አሁን መልሼ ብከፍተውስ?»

«ማን ሊመለስልህ? ሰው ሄዷል። አትዝጊው እያልክ የለመንከውን በር ራስህ ዘጋኸው።» ከደጅ ሆና ወደ እኔም አየች። ምንም እንዳልሠራ ሰው ቀለም የነካካው ጥፍሬን ፈተግኩ።

አባቴ ጥግ ተቀምጦ ቁልፍ ይሞርዳል። ያችን ቁልፍ ያን ቀን ሦስት ጊዜ አበላሻት።

ያኔውኑ መልሰን ከፈትነው። ከአርባ አንድ ሺህ ሰው ዘፈኑን እንደገና ያስገቡት አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ፍራሹ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ አሮጌ ሸሚዙን ለብሶ ከአጎቴ ጋር ሄደ።

በሚቀጥለው ወር ሁለተኛው ሒሳብ መጣ። እስከ ተቆለፈበት እሁድ ድረስ ያለው ብቻ ነው። የሦስት ወር የቤት ኪራይ ይሆናል። ቁጥሩ ላይ ስሕተት ይኖራል ብዬ አራት ጊዜ አነበብኩት። ስሕተት አልነበረበትም።

ወንድሜ ማምሻውን ሽፋሽፍቱ ድረስ በሲሚንቶ አቧራ ነጭ ሆኖ ገባ። ስልኩን ሰጠሁት። ቆሞ አየው፤ ከዚያ ወደ ታች ገፋ አድርጎ ማሳሰቢያውን አገኘው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እያንዳንዱን ቃል አነበበ።

«ይሄ ያን ዕለትም ነበር?»

ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ስለዚህ ድምፄ ወጣ።

«ነበር። አንብቤው ነበር።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስክሪኑ ላይ ያረፈውን አቧራ በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን መለሰልኝ።

«አንተ መቼም ጥሩ ታነባለህ» አለኝና ሊታጠብ ወጣ።

ገንዘቡን ለሦስት ወር ኪራይ ከፈልን። ወንድሜ በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ ሄደ።