ኮሪደሩ የነበረበት

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳዎቹን ያስፈረሰችው አባቷ በሌለበት ነው። ለሰው ስታወራ «መጥቶ ሲያየው ደስ እንዲለው ብዬ እኮ ነው» ትላለች። ልቧ ግን ያውቀዋል። ቤት ውስጥ ቢኖር መጠየቅ ነበረባት፤ ብትጠይቀው ደግሞ እምቢ ሊል ይችላል።

ቤቱ አያቷ ያሠሩት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር፣ ክፍሎቹ የተኳረፉ ይመስል በየራሳቸው በር ዘግተው የሚኖሩ። ከበረንዳው ሲገቡ ጨለምለም ያለ ረጅም ኮሪደር አለ፤ መጨረሻው ላይ የአባቷ መኝታ ቤት። በግራ ሳሎን፣ በቀኝ የምግብ ክፍል። ፀሐይ ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ትጠይቃለች እንጂ ሁለቱን አገናኝታ አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ የምትሰፋው የምግብ ክፍሉ ውስጥ ነበር። የመቁረጫው ጠረጴዛ ክፍሉን ስለሞላው ነጩን ጨርቅ ስትዘረጋ ጫፉ ወለሉን ይጠርጋል፣ እሷም ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ በጎን ነው የምታልፈው።

አባቷ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት መሣሪያዎቹን ሳጥን ውስጥ ከተተና «በቃ ሰለቸኝ» አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሆድ ውስጥ ሲያፈጥ የኖረ ሰው ቢሰለቸው ምን ይገርማል? ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። ከዚያ ወዲህ ከመኝታ ቤቱ ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ መኝታ ቤቱ እየተመላለሰ፣ ሰላም ካለው አላፊ አግዳሚ ጋር ሲቀልድ ይውላል።

ታናሽ እህቷ በወለደች ጊዜ አባትየው የልጅ ልጁን ሊያይ ለሦስት ሳምንት እሷ ዘንድ ሄደ። የወሰደው መኪና ገና ኩርባውን ሳይታጠፍ ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አነሳች።

ሰፈርተኛው «መዶሻ» እያለ የሚጠራው ግንበኛ መጣና ግድግዳውን እንደ ሐኪም በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ሁለቱም ጣሪያ ተሸክመዋል። ወፍራም ብረት ካላስገባን ቤቱ አናታችን ላይ ነው የሚመጣው» አላት። ቀጠለና፣ «ለመሆኑ አባትሽ ያውቃሉ?»

«ያውቃል» አለች፣ ያልወደቀ መርፌ ከወለሉ እየፈለገች።

የኮሪደሩ ግድግዳዎች በአራት ቀን ወረዱ። ብረቱ ገባ፣ ተለሰነ፣ ተቀባ። ብርሃኑ ከመንገዱ በኩል ገብቶ እስከ ጓሮው ሲፈስ ስታይ እመሃል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የደስታ ነበር።

አባቷ የተመለሰው ቅዳሜ ቀን ነው። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ሁሉ ዘግታ፣ መጋረጃውን ጋርዳ ጠበቀችው፤ ልክ ሲገባ ቦግ ልታደርግለት። እጁን ይዛ ደፍ አሻገረችውና መጋረጃውን ልትከፍት ስትራመድ ድምፁን ሰማች።

«እሰይ! እንዴት ያለ ብርሃን ነው፣ ልጄ!»

ቤቱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር።

እጇ መጋረጃው ላይ ቀረ። አባቷ ፈገግ እንዳለ ወደ መኝታ ቤቱ ሊሄድ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። እጁ ምንም አላገኘም። አንድ እርምጃ ጨመረ፤ አሁንም አየር ነው። በግራው ሞከረ። ከዚያ እወለሉ መሃል ሁለት እጁን እንደዘረጋ ቆመና ቀስ ብሎ፣ «የት ጋ ነኝ?» አለ።

ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ መጣባት። ኮሪደሩ ላይ፣ ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከመኝታ ቤቱ እስከ በረንዳው የሄደ የእድፍ መስመር ነበር። በየሳምንቱ በሳሙና ስታሸው፣ «አባዬ፣ አንተ ደግሞ እንደ ሕፃን ግድግዳ ታቆሽሻለህ!» ትለው ነበር። እሱም ይስቅ ነበር።

ሮጣ ያዘችው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰዓቱን ካቆምኩ ጀምሮ። መጀመሪያ ጥላ ጥላ ይለኝ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። እህትሽ ቤትም እንዳይታወቅብኝ ሕፃኑን ታቅፌ ቁጭ ብዬ ነው የሰነበትኩት።»

«አባዬ፣ ይህን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። እስክትሄድ ጠብቄ።»

«አውቃለሁ። ለእህትሽ ስትነግሪያት እሷም በማግስቱ ነገረችኝ።»

«ታዲያ ደውለህ አታስቆመኝም?»

«አታፍርሺ ብል ‹ለምን› ትይኛለሽ። ምን ልበልሽ?» እጇን ዳበስ ዳበስ አደረጋት። «እግሬ የለመደው ቤት ነው፣ ምን ይቸግረኛል ብዬ ተመካሁ። አየሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።»

እሱ ጥፋቱን ሊጋራት ሲል ይባስ ከበዳት።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ አይታ ስትጨርስ፣ «ከሁለት ዓመት በፊት ብትመጡ የሚተርፍ ነበረው» አለች። ለክፋት ብላ አይደለም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት አብራው በልታለች፣ አብራው ቡና ጠጥታለች፤ ስኳሩን በጣቱ እየፈለገ ሲያገኝ እያየች ጨርቋን ትቆርጥ ነበር።

ግንበኛውን መልሳ ጠራችው። ግድግዳውን መልስልኝ ልትለው ነበር፤ አባቷ ግን አይሆንም አለ። «እኔ አልፋለሁ፣ አንቺ ገና ትሰፊያለሽ።» ስለዚህ ከበረንዳው በር እስከ መኝታ ቤቱ፣ ኮሪደሩ በነበረበት፣ የእንጨት መደገፊያ እንዲተከል ተስማሙ።

«ያውቃል አላልሽኝም?» አላት መዶሻ፣ አባትየው በረንዳ ላይ ሳለ።

«ዋሽቼህ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀና ሥራውን ቀጠለ። እንጨቱን ስንጥር እንዳይኖረው፣ እስኪለሰልስ ድረስ ሲያሸው ዋለ።

አባትየው በሳምንቱ ለመደው። ሙሽሮች ለልክ ሲመጡ እንጨቱን ይዞ ብቅ ይልና፣ «መንገድ ልቀቁ፣ ባቡር መጣ!» ይላል፤ ሙሽሮቹ በሳቅ ይሞታሉ። «ቤትሽ ብርሃኑ እንዴት ደስ ይላል!» ይሏታል። «አመሰግናለሁ» ብላ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ታዞራለች።

ስትሰፋ ግን ጆሮዋ እሱ ጋ ነው። የእግሩ ኮቴ ድንገት ከቆመ የስፌት መኪናዋም ቀጥ ይላል።

«አለሁ» ይላታል አባቷ። «ስፊ።»