የከተራው ኩሬ

አሳምነውን ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፉ ቢሆንማ ረግሜው እገላገል ነበር! ደግ ነው፣ ሳይጠይቅ ሮጦ የሚያገለግል ደግ። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ካለችው ቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ፣ ኮረብታው ሥር፣ የዝናብ ውሃ የሚያቁር ኩሬ አለ። ጥምቀትን የምናከብረው እዚያ ነው። ልጄ ዮርዲ ራቅ ብላ ሳኒቬል ከተማ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መምጣት እርም ብላ ነበር። "ቢዚ ነኝ፣ እማዬ" ነው መልሷ። አምና በኅዳር፣ ዝናብ ስለነበር እኔን ልታደርስ መጣችና ድንገት ሞተሩን አጥፍታ "እሽሽ!" አለችኝ። እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ። አውራ ጣት የማያክሉ ፍጥረቶች ኮረብታውን በጩኸት ሞልተውታል።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረች። ቅዳሴው እንዳለቀ ኩሬው ዳር ናት፤ እኔም ተከትያት እቀመጣለሁ። ሣሩ ላይ የተጣበቀ፣ ውሃ የጠጣ ተልባ የመሰለ እንቁላላቸውን አሳየችኝ። ልነካው እጄን ስሰድ "ኖ! ሎሽን ተቀብተሻል" ብላ ያዘችኝ። የሚጠጡትም የሚተነፍሱትም በቆዳቸው ነው፤ ውሃው ውስጥ የገባ ሁሉ እነሱ ውስጥ ይገባል አለችኝ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛዋ። ቢንቢውን የሚበሉልን እነሱ ናቸው። ውሃ ሲበላሽ ቀድመው የሚሞቱትም እነሱ። "ሌላ ቦታ የላቸውም፣ ሁሉም ፓርኪንግ ሆነ" አለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማየው ልጄን ነበር። ስንት ዘመን በስልክ ብቻ ያየሁት ፊት አጠገቤ ቁጭ ብሏል!

ጥር ሲገባ ኮሚቴው ፊት ቆማ ለመነች፦ "ፕሊስ፣ ቅጠሉን አታንሱ። ዓሣ አትጨምሩ። ምንም አታፍስሱ።" ሁሉም አጨበጨበ። በጭብጨባማ ማን ይደርስብናል! አሳምነው ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት ኤርፖርት ሰው ሊያደርስ ሄዶ አልነበረም። አንዱ ይነግረዋል ሲል አንዱ፣ ማንም ሳይነግረው ቀረ።

የከተራ ዕለት ጠዋት ከዮርዲ ጋር ስንደርስ ቦቲውን አጥልቆ ኩሬው ውስጥ ቆሟል። ሣሩን አጭዶ፣ ጭቃውን ጠርጎ ጨርሷል። ሽታው ከሩቅ አፍንጫዬን መታኝ። በረኪና!

"እትዬ አይናዲስ፣ ይዩልኝ፣ መስታወት አስመሰልኩት!" አለኝ በደስታ። "አምና ሕፃናቱን አረንጓዴ ውሃ ረጫችሁ ተብለን ስንታማ ከረምን። ዘንድሮ ማን አፉን ይከፍታል?"

"ምን አደረግህ፣ አንተ ሰው! ምን አደረግህ!"

"ምነው? ለታቦቱ ክብር አይደል እንዴ?"

ዮርዲ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ በእጇ ትለቅማቸው ጀመር፤ ሆዳቸው ወደ ላይ ዞሯል፣ እግራቸው ተዘርግቷል። አሳምነው ያኔ ገባው። "እኔ ምን አውቄ፣ ማን ነገረኝ" እያለ አለቀሰ። ለእሱም አዘንኩለት፤ ምን ላድርግ!

ከሰዓት ታቦቱ ወረደ፣ በማግስቱ ውሃው ተባረከ፣ እልልታው ቀለጠ። ዮርዲ አልነበረችም።

ዘንድሮ ልብ ገዛን። የሚባረከው ውሃ በበርሜል ይቀርባል። ኩሬው ታጥሯል፣ ሣሩም ተመልሷል፤ አሳምነው ራሱ ዘበኛ ሆኖ ቅጠል የሚያነሳ ሰው ካየ ይቆጣል። ከሌላ ኩሬ እንቁራሪት እናምጣ ብንል፣ ዮርዲ በሽታ ይዘው ይመጣሉ፣ አይሆንም ብላናለች። ራሳቸው ካልመጡ የሚያመጣቸው የለም። ዝናቡ ግን ጥሩ ጥሏል። እኔም ማምሻውን ጃንጥላ ይዤ ዳር ላይ እቆማለሁ።

ዝናብ በጣለ ቁጥር ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ጮሁ?"

ጮሁ ብላት ያን ሁሉ ትራፊክ ችላ እንደምትመጣ አውቃለሁ። አንዲት የሐሰት ቃል ናት። ትናንትም ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"አልጮሁም፣ ልጄ።"

"ኦኬ" ብላ ዘጋችው።