የመጨረሻዋ በግ ፉርሽካ

ጎረቤቴ ዶክተር ቦንሳ የበግ እንቅልፍ ሲጠብቅ የራሱን እንቅልፍ የጨረሰ ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ዲግሪ አማረውና ባለቤቱን ዶርቃስን ባኮ ትቶ አምቦ መጣ፤ ከእኔ ግቢ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። ጥናቱን በስምንተኛ ክፍል ዕውቀቴ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። በግ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት ማደንዘዣው በመርፌ ይሰጣል። ኬታሚን የሚሉት መድኃኒት ብቻውን ስለማይበቃ ከሌላ ጋር ይጣመራል። አንደኛው ጥምር በጓን ቶሎ ይጥላታል፣ ረጅም ያስተኛታል፤ ግን ለሐጯን ያዝረበርባል፣ ሆዷን ይነፋል። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ ቶሎ ያነቃል፤ ግን በጓ መሀል ላይ እግሯን እየወረወረች ሐኪሙን ታስቸግራለች። የቱ ይሻላል? ይኼው ነው። ለዚህ ብሎ ሁለት ዓመት በግ በግ ሸተተ።

«ዶርቃስ ቤት ከማስገባቷ በፊት በረኪና ነው የምታፈስብህ» እለዋለሁ። ድሮ ይስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም ይደክመዋል።

የቀረችው አንዲት በግ ነበረች። እሷ ከተሳካች ጽሑፉን አስረክቦ ባኮ ይገባል። በጓ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት የአዴ ወርቅቱ ናት። አዴ ወርቅቱ የጸሎት ሰው ናቸው፤ በጋቸው ግን የከተማ በግ ስለሆነች ከሣር ይልቅ ፌስታል ትወዳለች። ሆዷ ሲነፋ ቦንሳ በነጻ ሊቀድድላቸው፣ እሳቸውም በጥናቱ እንድትገባ ሊፈቅዱ ተስማሙ። የቦንሳ ትእዛዝ አንድ ነበር፤ ከዋዜማው ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ።

«የጴንጤ በግ ጾም ያዘች» ብዬ ቀለድኩ።

«እኛም እንጾማለን፤ እንዳንተ አናወራም እንጂ» አሉኝ አዴ ወርቅቱ።

በማግስቱ በጓን በባጃጅ ይዘን ክሊኒክ ሄድን። እግር ያዡ እኔ ነኝ። ቦንሳ አንደኛውን ጥምር ወጋት፤ ጉልበቷ ታጠፈ፣ ተኛች። ጎኗ ተላጭቶ ሳያልቅ ከአፏ አረንጓዴ ፈሳሽ ግልብጥ አለ። ቦንሳ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጎ በጣቱ ከጉሮሮዋ ዛቀ፣ ጠረገ፣ ትንፋሿን አዳመጠ። ሲመለስላት ጣቶቹን አየ፤ ፉርሽካ ነበር።

አዴ ወርቅቱ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አዴ፣ ምን በላች?»

«ምንም።»

ቦንሳ ፉርሽካ ያለበትን እጁን ዘረጋላቸው።

«አንድ ጭብጥ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዳም ቢሆን ከቤቴ ጦሙን አይወጣም። ቢላዋ ስር ልትገባ የምትሄደውን በባዶ ሆዷ እንዴት ልሸኛት?»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ለቁጣም አቅም አልነበረውም። ተመልሶ ገባና ቀደዳት።

ከሆዷ ፌስታል በፌስታል፣ የገመድ ቁራጭና የሰው ካልሲ ወጣ። ካልሲውን የማውቀው መሰለኝ ብል የሳቀልኝ የለም። ሲሰፋ ክሊኒኩ ውስጥ አብራው የምትሠራው ለንሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አባበለችው። ማስመለስ ከመድኃኒቱም ይመጣል፣ ፉርሽካውን ከእኛ በቀር ያየ የለም፣ ጥናቱ ውስጥ ቁጠራትና ጨርስ አለችው። እኔም በልቤ ቁጠራት አልኩ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ አሳዘነኝ።

መርፌውን ሳያቆም መለሰላት። «ብቆጥራት የአዴ ወርቅቱን ፉርሽካ መድኃኒቱ ላይ ነው የማላክከው። ነገ ይህን ያነበበ ሐኪም ደህናውን ጥምር ይተወዋል።»

«እንግዲያስ ዶርቃስ ትጠብቅ» አለች ለንሳ።

እሱ ክሩን ቋጠረ።

ከሰዓት በኋላ በጓ ተነስታ ቆመች። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ዶርቃስ ጋ ደወለ። ባጃጁ ስለሚጮህ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎት ነበርና ሰማሁ። አንዲት በግ እንደምትቀር ነገራት። ባለፈውም አንዲት ነበር የቀረችህ አለችው።

«በጓ ተረፈች?» አለች ዶርቃስ።

«ተረፈች።»

«እሺ። በል እህል ቅመስ።»

በማግስቱ ሆዷ የተነፋ ሌላ በግ ፍለጋ ወደ ጊንጪ ሊሳፈር ሲል መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

«የጊንጪዋን ስታገኝ» አልኩት «ባለቤቷንም አብረህ እሰራቸው።»

እንደ መሳቅ ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።