አምስቴ ወይስ ስድስቴ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ አናጢው የሰደቡትን ሰዎች ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሩ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከእረፍት መልስ። ሰውየው እንቆቅልሽ መሳይ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፈና አስነሳው። ገና ያሰበውን ማስረዳት ሲጀምር፣ «ተቀመጥ! ያንተ ጭንቅላት ለኮፍያ ማንጠልጠያ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም» አለው። አርባ ሁለት ልጅ ሳቀ። እንባው ዓይኑ ላይ ቆሞ እንኳ ቆጥሯቸዋል። በዓመቱ ትምህርቱን ትቶ መጋዝ ጨበጠ።

ሁለተኛው የሚስቱ ወንድም ነው፤ በሠርጉ ማግስት፣ ጠዋት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እህታችንን ለመጋዝ ዳርናት» ያለው። ሦስተኛዋ የሥራ ቤቱ ጸሐፊ ናት፤ «ቅጹን እኔ ልሙላልህ፣ አንተ ወረቀቱን ታበላሸዋለህ» ያለችው። ሌሎችም አሉ። ባልደረቦቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ፀጉር የምታህል ስህተት ስለማያሳልፍ። ይቺን ግን ከስድብ አልቆጠራትም። እንዲያውም ይወዳታል።

አናጢው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለችው፤ ቤት ውስጥ ሚጡ ይሏታል። ዘንድሮ ወደ ክፍሏ የመጣችው የሒሳብ መምህርት አዲስ ልማድ ይዛ መጣች። ዓርብ ዓርብ አንድ እንቆቅልሽ ትሰጣለች፤ ልጆቹ ከቤተሰብ ጋር ይመክሩበትና መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳሰቡት ጭምር ይጽፋሉ። «የተሳሳተ መልስ ምክንያት ካለው አቃናዋለሁ፤ ምክንያት የሌለውን መልስ ግን ምን አደርገዋለሁ?» ትላለች አሉ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ለሚደረግ ውድድር አምስት ልጆች ልትመርጥ ነው። ሚጡ ከዚህ ሌላ ወሬ የላትም። ምሳ ቀርቦ ማንኪያውን ጀልባ፣ የጨው ዕቃውን ፍየል እያደረገች ወንዝ ታሻግራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ፍየሏ እስክትሻገር ምሳው ቀዘቀዘ እኮ» ትላታለች እናቷ።

አባቷ ዓርብ ሲመጣ ሥራ ይፈጥራል። የማይንቀጠቀጠውን ወንበር ገልብጦ ሚስማሩን ያያል። እንቆቅልሽ ሲባል ያ ማክሰኞ ከፊቱ ይደቀናላ።

አንድ ዓርብ ግን የመጣው እንቆቅልሽ ስለ ጣውላ ሆነ። ሚጡ መልሷን ከጻፈች በኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ አንድ አንድ ሜትር እየሆነ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ ለመቁረጥ አምስት ደቂቃ ከፈጀ ሥራው ሁሉ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

የአናጢው ልብ ዘለለች። ሒሳብ በዕድሜው አንዴ እንኳ በገዛ ሙያው መጣለት!

«ሠላሳ!» አለ።

«ሃያ አምስት ነው አባዬ። አምስቴ ስትቆርጠው ስድስተኛው ቁራጭ በራሱ ይወጣል።»

«ስድስቴ ነው የሚቆረጠው።»

«ቆይ በወረቀት ላሳይህ።»

«ለኔ? ለኔ የጣውላ አቆራረጥ በወረቀት? ሃያ ሁለት ዓመት ስቆርጥ የኖርኩት ምን መስሎሻል፣ ጎመን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ የልጅቷ የቤት ሥራ ነው፤ ተዋት» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ የወንድምሽን አፍ አታምጪብኝ!»

ከጆሮው ላይ ቀዩን ጠፍጣፋ እርሳስ አወረደና ሃያ አምስቷን ሠረዛት፤ ከጎኗ ሠላሳ ብሎ ጻፈ። ሚጡ አየችው። ምክንያቱን ይነግራት እንደሆነ ጠበቀች፤ አልነገራትም። ደብተሯን ጎትታ እሷ የጻፈችውን ምክንያት በላጲስ አጠፋችው።

ረቡዕ ወላጆች ተጠሩ። ልጆቹ ሰሌዳ ጋ እየወጡ ያሰቡትን የሚያስረዱበት ቀን ነው። አናጢው ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ፤ ጉልበት በማያስገባ የልጅ ዴስክ፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ሽቶ ሽቶ የሚል ባለከረባት አባት አለ።

ሚጡ ተጠራች። ጣውላውን ሣለችና «ሠላሳ ደቂቃ» ብላ ጻፈች። ክፍሉ ተንጫጫ።

«አንዷን ቁራጭ ሁለቴ ቆረጠቻት መሰለኝ» አለ ባለከረባቱ። ወላጆቹም ሳቁ።

መምህርቷ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው። «እስቲ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪን። ስድስት ጊዜ ያልሽበት ምክንያት ይኖርሻል።»

አናጢው ሰሌዳውን በደንብ ያየው ያኔ ነው። ልጁ የሣለችው ጣውላ ሁለቱም ጫፉ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው። ሥራ ቤት የሚመጣው ጣውላ እንዲህ አይደለም። አንዱ ጫፉ ደህና ቢሆን ሌላው የተሰነጠቀ፣ ጭቃ የነካው ነው፤ ለዚያ ሲባልም አራት ጣት ትርፍ ይዞ ይመጣል። አናጢ ከሁሉ በፊት ስኳድራውን፣ ያን የማዕዘን መለኪያ፣ አስደግፎ፣ በቀጥታ አስምሮ፣ ያን ክፉ ጫፍ ቆርጦ ይጥላል። መለካት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስድስተኛው ቆረጣ እሱ ነው። እጁ ሳያስበው የሚሠራውን ነገር አፉ ለልጁ ሳይነግራት ቀረ። የወረቀቱ ጣውላ ግን ጫፉ ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ ልጅቷ ልክ ነበረች።

ሚጡ ወደ እሱ አየች። የሚያሳጣ ዓይን አልነበረም። ምክንያቱን እንዲያቀብላት ብቻ ነበር የምትጠብቀው፤ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሚስማር እንድታቀብለው እንደሚጠብቃት ሁሉ።

ተነስ አለው ልቡ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? የባለከረባቱን ማጅራት አየ። እነዚያ አርባ ሁለት ልጆች ሁሉም አድገው፣ ከረባት አስረው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ መሰለው። ዓይኑን ወደ ጣቶቹ መለሰ፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀ ሙጫ ነበረ፤ ይፍቀው ጀመር።

«ተሳስቼ ነው» አለች ሚጡ። «ስቆጥር ተሳስቼ ነው።»

በአባቷ ላይ ጣቷን አልቀሰረችም። ሰው የሰከረ ዘመዱን ከሰው ዓይን እንደሚሸፍን ሸፈነችው። ጠመኔዋን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ስትመለስ በጎኑ አለፈች፤ ቀና ብሎ አላያትም። ስድብ ያውቃል፤ ስድብ ያቃጥላል እንጂ እንዲህ አያቀዘቅዝም።

ሰዉ ሲበተን ቀድሞ ወጣ። መምህርቷ ደብተሩን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«አባት፣ አንዴ ይቁሙልኝ።» ገጹን ገለጠችው። «ይመልከቱ፤ ላጲስ ካጠፋው ሥር ትክክለኛው ምክንያት ይነበባል። ሃያ አምስትን በዚህ ወፍራም እርሳስ የሠረዘው ደግሞ ልጅ አይደለም።»

ዓይኗ ጆሮው ላይ አረፈ። ቀዩ እርሳስ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ከተተኮሰው ሸሚዝ በላይ እንደተሰካ ነበር።

አሁን ትሰድበኛለች ብሎ ተዘጋጀ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ «እናንተ የተማራችሁ» ብሎ የሚጀምረው።

«ልወቅስዎ አይደለም» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን እለጥፋለሁ። አራቱ ሞልተዋል፤ አንድ ቦታ ቀርቷል። እሷ በሰው ሁሉ ፊት ‹ተሳስቼ ነው› ብላ ስትቀመጥ በምን ልምረጣት? እርስዎ የእጅ ባለሙያ ነዎት፤ ስድስት ያሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እስቲ እንዴት እንዳሰቡት ይንገሩኝ። እሷንም እንጥራትና አብራን ትስማ።»

እንዴት እንዳሰቡት። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።

ሚጡ ቦርሳዋን አዝላ ከክፍሉ በር ሥር ቆማ ነበር። ወለሉን ነበር የምታየው፤ እንደምትሰማ ግን ያስታውቃል። የተሰነጠቀው ጫፍ ነገር አፉ ድረስ መጣ። ከእሱ በፊት ግን «የሠረዝኩት እኔ ነኝ፣ እያወቅሁ ዝም አልኩ» ማለት ነበረበት፤ እሷ እየሰማች።

ባለከረባቱ የልጁን እጅ ይዞ በአጠገባቸው አለፈ። «ደህና ይዋሉ ወንድሜ» አለው፣ ከልቡ።

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ከተተው። ደብተሩን አልተቀበለም። ፊቱን አዞረና ኮሪደሩን ይዞ ሄደ።

«አባት!» አለች መምህርቷ።

እሱ የጠበቀው «አባዬ» የሚለውን የሚጡን ድምፅ ነበር። አልመጣም። እርምጃውን አፈጠነ።